ከዳሌ ኦፕራሲዮን በኋላ፦ ደህና በሆንኩ ቁጥር ራሴን እጎዳለሁ

የሽሮ ሜዳዋ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ዛሬ ግን የምጠይቀው አለኝ።

ዕድሜዬ 57 ነው። የቀኝ ዳሌዬ ከተቀየረ አምስት ሳምንት አልፎታል። መገጣጠሚያው አልቆ አጥንት ካጥንት ይፋጭ ነበር። ኦፕራሲዮኑ ደህና አለፈ፣ ቁስሉም ደርቋል። ያ ሌሊት የሚያስጮኸኝ የድሮ ሕመም የለም። ተመስገን ነው።

ጣጣው የሚመጣብኝ ደህና በሆንኩበት ቀን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ምንም አላመመኝም። ምንም! ዎከሩን፣ ያን ባለአራት እግር መደገፊያ፣ ጥግ አስያዝኩና ከዘራ ይዤ ወደ ሱቅ ወረድኩ። የሀገር ልብስ ነው የምሸጠው። ፋሲካ እየተቃረበ ገበያው ሞቅ ብሏል፣ ሠራተኛዋ ደግሞ ብቻዋን ናት። አንድ ሰዓት አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ደንበኛ መጣ። ይኼን ቀሚስ ከታች ካርቶን አውጪ፣ ያኛውን እጠፊ፣ እዚያች ዱካ ላይ ቁጭ ብድግ ስል መሸ። ስመለስ ደግሞ ዳገቱ አለ። የሽሮ ሜዳን ዳገት የወጣ ያውቀዋል።

ማታ እግሬ ተነፋ። ብሽሽቴና ጭኔ ሲጠዘጥዘኝ አደረ። እሑድ፣ ሰኞ፣ ዛሬም ከአልጋ አልራቅኩም። የሚያሳፍረኝ ይህ ሦስተኛዬ መሆኑ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቤት ሳስተካክል፣ በአራተኛው ለጠያቂ ቡና ሳፈላ እንዲሁ ሆኜ ነበር።

ሐኪሙ "እንደ አቅምሽ ተንቀሳቀሺ" ነው ያለኝ። አቅሜን በምን ልወቀው? ካለፍኩት በኋላ እንጂ ስደርስበት አይታወቀኝም። ሕማማትም ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። መስገድ እችል ይሆን?

አብዱ ቪትዝ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

እትዬ፣ አላህ ይማርዎት።

እኔ 34 ዓመቴ ነው። የዳሌ አጥንቴ ራስ ደም አጥቶ ስለሞተ ነው የተቀየረልኝ። ይኼ ነገር የአዛውንት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

የእኔም ጥፋት እንደ እርስዎ ነው፣ በመኪና ይለያል እንጂ። በአራተኛው ሳምንት ደህና ነኝ ብዬ ቪትዜን አስነሳሁ። ሐኪሜ "ስድስት ሳምንት ጠብቅ፣ አይቼህ እፈቅድልሃለሁ" ብሎኝ ነበር። አልሰማሁም፤ ዕዳ አለብኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ልጅ ኳስ ተከትሎ ፊቴ ገባ። ፍሬን ልይዝ ስል ቀኝ እግሬ ዘገየብኝ። ልጁ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። መኪናውን እዚያው አቁሜ ለወንድሜ ደወልኩ። ከዚያ በኋላ ስምንት ሳምንት እስኪሞላኝ መሪ አልነካሁም።

በተሳፋሪነት ሲሄዱ ግን ዘዴ ልንገርዎት። የፊት ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ያስገፉ፣ መደገፊያውን ትንሽ ያስተኙት። ወንበሩ ላይ ፌስታል ያንጥፉ። ጀርባዎን ለመኪናው ሰጥተው መጀመሪያ ይቀመጡ። ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ እያስገቡ ይዙሩ፤ ፌስታሉ ያንሸራትትዎታል። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ፌስታሉን ያውጡት፣ አለበለዚያ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ሚኒባስ ለጊዜው ይቅርብዎ። ጎንበስ ብሎ ተጣጥፎ መግባት ነው፣ ረዳቱም ፋታ አይሰጥም።

ጋሽ መምህር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ የግራው ከተቀየረልኝ ሦስት ዓመት ሆኖኛል።

ይህን ያህል አትፍሩ። ዘመናዊውን የዳሌ ቅየራ እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) መልክ ሲያስይዘው በሽተኛው ለሳምንታት አልጋ ላይ ይቆይ ነበር። ዛሬ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ያቆሙሃል። ለምን? ተኝቶ የዳነ ስለሌለ ነው! እኔ በየጠዋቱ ተነስቼ እሄድ ነበር፣ ቢያመኝም ባያመኝም። ሕመምን የሰሙት እንደሆነ አልጋ ላይ ያስቀራል።

ማሚቱ ከቨርጂኒያ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ "ቢያመኝም ባያመኝም" ያሉት ነው እኔን የጎዳኝ።

እኔ ሁለቱም ዳሌዬ ተቀይሯል፣ በሁለት ዓመት ልዩነት። በመጀመሪያው እንደ እርስዎ ጀግና ነበርኩ። በስድስተኛው ሳምንት ቆሞ የሚዋልበት ሥራ ላይ ተመለስኩ። ማነከሱ አመት ሙሉ አልለቀቀኝም። ለሁለተኛው ግን ደብተር ገዛሁ።

በደብተሩ የሄድኩበትን ርቀት ብቻ አልነበረም የምጽፈው። ስንቴ እንደተነሳሁ፣ ስንቴ ደረጃ እንደወጣሁ፣ ምን ያህል ቆሜ እንደቆየሁ፣ ማን እንደመጣ ጭምር እጽፍ ነበር። ከጎኑ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት እግሬ እንዴት እንደነበር። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነበው ሳቄ መጣ። እኔን የሚጥለኝ እግር ጉዞ አልነበረም። ጠያቂ ነበር!

አንድ እሑድ ብቻ 14 ጊዜ ተነስቻለሁ። ሰው በገባ ቁጥር "ኖር" ብሎ ብድግ። "በእግዜር፣ ኧረ በስመ አብ ቁጭ በይ" ይላሉ፤ ግን ተነስቻለሁ እኮ! ሲወጡ ደግሞ እስከ በር መሸኘት። መሃል ላይ ውኃ ላምጣ፣ ቆሎ ልጨምር። በዚያ ላይ ሶፋው ጎድጓዳ ነው፤ ከሱ ውስጥ መነሳት ከጉድጓድ እንደመውጣት ነው። በማግስቱ "ዛሬ እኮ ምንም አልሠራሁም፣ ለምን አመመኝ?" እላለሁ።

የሽሮ ሜዳዋ፣ እስቲ ቅዳሜሽን ጻፊው። ወደ ሱቅ መውረዱ አይመስለኝም የጣለሽ። ያቺ ዱካና ያ ካርቶን ናቸው።

የሽሮ ሜዳዋ — ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ማሚትዬ፣ አሳቅሽኝም አስለቀስሽኝም። ትናንት ብቻ አምስት ሰው መጥቷል፣ ለአምስቱም ከአልጋ ተነስቻለሁ። ተኝቼ እንዴት ልቀበል? ይሉኝታው ይገድለኛል።

አብዱ ልጄ፣ ፌስታሉ ገርሞኛል። በርታ፣ ዕዳህን እሱ ያቅልልህ።

ተስፋ22 — ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡05

እብጠቱ ካስቸገረሽ ጥሩ ወጌሻ አውቃለሁ። ቤት ድረስ መጥቶ በቅቤ ያሽልሻል። የአጎቴን ትከሻ በሁለት ቀን ነው የመለሰው።

ፊዚዮ ከሐዋሳ — ረቡዕ፣ ቀን 6፡45

የፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ተስፋ22፣ በቅንነት እንደጻፍከው ይገባኛል። ግን እባካችሁ ይህን ማንም እንዳያደርገው። ወጌሻን ለመናቅ አይደለም። የተቀየረ ዳሌ ውስጥ ያለው ጭን አጥንት ውስጥ የተተከለ ብረት፣ ጫፉ ላይ ኳስ፣ ኳሱ የሚገባበት ሲኒ የመሰለ ጎድጓዳ ነው። እግር ሲጎተትና ሲጠመዘዝ ኳሱ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት ሳምንታት እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋ ደም ያለበትን ባት ማሸት ደሙን ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ይህ የሚገድል ነገር ነው።

የሽሮ ሜዳዋ፣ በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ አለኝ። እብጠቱ ሌሊት ተኝተሽ ስታድሪ ይጎድላል? ወይስ ጠዋትም እንደዚያው ነው? አንዱ ባትሽ ለብቻው ያማል፣ ይግላል? የደም ማቅጠኛውን እየወሰድሽ ነው? ባቱ የሚያም ከሆነ ወይም እብጠቱ ጠዋትም ካልጎደለ ዛሬውኑ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ። ደረት መውጋት ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ይህን ማንበብ አቁሚና ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እግር ድንገት አጥሮ ወይም ተጣሞ መቆም ካቃተ፣ ቁስሉ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳት ካመጣም እንደዚሁ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጋሽ መምህርም ማሚቱም ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ሰው ነው። ፈርቶ የሚተኛ ሰው አለ፣ ተሽሎት የሚሮጥ ሰው አለ። አንቺ ሁለተኛዋ ነሽ።

አቅምሽን በዚያው ሰዓት መለካት አይቻልም ያልሽው እውነት ነው። ሰውነት ሒሳቡን የሚያመጣው ማታ ወይም በማግስቱ ነው። ስለዚህ የምትጠይቂው የነገን ጠዋት ነው። ዛሬ ከሠራሽው የተነሳ ሕመሙ ጨምሮ ነገ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ፣ ልክሽ ያ ነው፣ ቀጥዪ። ነገ ጠዋት ከዛሬ ጠዋት የባሰ ከሆነ አልፈሻል። ያኔ ሙሉ በሙሉ አትተኚ፤ ግማሹን ቀንሺና ሁለት ቀን እዚያው ላይ ቆዪ።

መነሻሽን ደግሞ ከደህናው ቀን አትውሰጂ። በመጥፎ ቀንሽ እንኳ የምትችይው ስንት ነው? አሥር ደቂቃ? በደህና ቀንም ከዚያ ጀምሪ፣ ግን ከፋፍለሽ፤ ጠዋት አሥር፣ ቀን አሥር፣ ማታ አሥር። ሠላሳውን በአንዴ መሄድና ሦስት ቦታ ከፍሎ መሄድ ለጡንቻሽ አንድ አይደሉም። ስትጨምሪ አንድ ነገር ብቻ ጨምሪ። ደቂቃ በጨመርሽበት ቀን ዳገት አትጨምሪ። ዳገትሽ እንዳይቀር ከሆነ ወደ ታች በእግር፣ ወደ ላይ በመኪና።

ዎከሩን የጣልሽውም በጊዜው አይመስለኝም። የሚያነክስ ሰው ድጋፍ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ካነከስሽ ሰውነትሽ ማነከስን ይለምደዋል፣ በኋላ ማስተው ከባድ ነው። ከዘራ ስትይዢ ደግሞ በግራ እጅሽ ያዢ፣ ከተሠራው እግር በተቃራኒ በኩል። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ነው የሚይዘው። ደረጃ ስትወጪ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርጂ የተሠራው።

ዱካዋስ? አይሆንም። ያንቺ ኦፕራሲዮን በጀርባ በኩል የተገባ ከሆነ ጉልበት ከዳሌ በላይ እንዳይወጣ፣ እግር እንዳይጣመር፣ የእግር ጣት ወደ ውስጥ እንዳይዞር ነግረውሽ ይሆናል። ዱካ ላይ ተቀምጦ ካርቶን ውስጥ ማጎንበስ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ያፈርሰዋል። ይህ ክልከላ እስከ መቼ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ እንደ ሐኪሙና እንደ አሠራሩ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው።

የሽሮ ሜዳዋ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። እብጠቱ ጠዋት ይጎድላል፣ ባቴን አያመኝም፣ መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው። ለማንኛውም ደውዬ ነገ እንድመጣ ብለውኛል።

ከዘራውን በቀኝ ነበር የምይዘው! አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም።

የእማዬ ልጅ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጨዋታውን ልጠልፍባችሁ ነው፣ ይቅርታ። የእኛ ቤት ችግር ተቃራኒው ነው። እናቴ 81 ዓመቷ ነው። ምንጣፍ አደናቅፏት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ግማሽ ቅየራ፣ ኳሱ ብቻ የሚቀየርበት፣ ተደረገላት። ዘጠኝ ሳምንት ሆኗት አሁንም አልነሳም ትላለች። "ልታነሱኝ ነው ወይስ ልትገድሉኝ" ትለናለች። ሐኪሙ መቆም ትችላለች ብሏል። ፈርታ ነው። እኛም ስንጨቃጨቅ ሰለቸን።

ፊዚዮ ከሐዋሳ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

አልተጠለፈም፣ አንድ ጉዳይ ነው። በዚህ ዕድሜ አልጋው ራሱ ነው የሚያሰጋው። የሳንባ ምች፣ የመኝታ ቁስል፣ የደም መርጋት፣ የጡንቻ መሟሸሽ። መጀመሪያ ግን ሕመሟ በደንብ መታከሙን አረጋግጡ፤ የሚያማት ሰው ሰነፍ አይባልም። ከዚያ "ተራመጂ" አትበሏት። ምግቧን አልጋ ላይ መስጠት አቁሙ። ከአልጋው አጠገብ ከፍ ያለ፣ እጀታ ያለው ወንበር አድርጉና ቁርሷን እዚያ ትብላ። የዚህ ሳምንት ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ምንጣፉንም አንሱት፣ ሌሊት የሽንት ቤቱን መንገድ መብራት አብሩለት።

ጋሽ መምህር — ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡15

ለየእማዬ ልጅ፦ ቡናውን በሌላ ክፍል አፍሉት። ከምሬ ነው። ባለቤቴ በእኔ ላይ ያደረገችው ነው። ሽታው ሲመጣ፣ ሳቁ ሲሰማ፣ ማን እንደመጣ ለማወቅ ሰው መነሳቱ አይቀርም። አቦል እዚያ ክፍል ካልሆነ አይሰጥም በሏት።

ፊዚዮው ያለውንም አነበብኩ። "ቢያመኝም ባያመኝም" ስል ጨምሬበታለሁ። ሁለተኛው ወር ላይ አንድ ሳምንት ተኝቻለሁ፣ ያንን አልጻፍኩትም ነበር።

ዲያቆን ነኝ — ሐሙስ፣ ቀን 8፡30

እናቴ፣ ስለ ስግደቱ ማንም ያልመለሰልዎ ስለሆነ ነው። ስግደት ማለት እርስዎ እንደሚያውቁት ጉልበት አጥፎ ግንባርን ምድር ማስነካት ነው። ፊዚዮው ከከለከለው ዱካ የባሰ መታጠፍ ነው ያለው፤ በሕማማት ደግሞ ቁጥሩ ብዙ ነው። ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። የታመመ ሰው ባለበት ሆኖ ራሱን ዝቅ ቢያደርግ ይበቃዋል ነው የሚሉዎት። ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ ከፍ ያለ ወንበር ይዘው ይሂዱ። አንድ ነገር አደራ፣ መቋሚያን እንደ ከዘራ አይመኩበት። እሱ ቆሞ ለመደገፊያ ነው የተሠራው፤ ጫፉ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል።

ጾሙንም እንዲሁ ይጠይቋቸው። በጾሙ ከቀጠሉ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው አይጉደል። አንዳንዱ ታማሚ በዳቦና በሻይ ብቻ ይውላል።

አብዱ ቪትዝ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

የዲያቆኑን አየሁ፤ እኛም ጋ ያው ነው። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የሰገድኩት። መጀመሪያ ሰው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ማንም አላየኝም።

የቁጢጥ ሽንት ቤት ያላችሁ ደግሞ ለአናጺ ንገሩት። መቀመጫው መሃሉ የተቀደደ ወንበር ይሠራላችኋል።

ማሚቱ ከቨርጂኒያ — ዓርብ፣ ጠዋት 12፡40

የሽሮ ሜዳዋ፣ ይሉኝታሽን በተመለከተ። እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። እህቴ በር ላይ ትቀበላቸውና "ሐኪም እንዳትነሳ ብሏል" ትላለች፣ እኔ ሳልናገር። ሐኪም ካለማ ማን ይከራከራል? የጥየቃ ሰዓትም አደረግን፣ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ተኩል። አንድ አክስት ተቀይመው ነበር፤ ፋሲካ ላይ ታረቅን።

የሽሮ ሜዳዋ — ቅዳሜ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፣ ከምሽቱ 1፡50

ወዳጆቼ፣ ሪፖርት አለብኝ።

ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። መርምሮኝ "ከብዛት ነው፣ ሌላ ነገር የለም" አለኝ። ክልከላው እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ወደ ዎከር መለሰኝ፤ አኮረፍኩ፣ ግን መለሰኝ።

ደብተር ገዛሁ። ማሚቱ እንዳለችው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በደቂቃ ብዙ አልሄድኩም፣ ግን አንድ ቀን 19 ጊዜ ተነስቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ! አሁን ውኃውም፣ ስልኩም፣ መድኃኒቱም ከጎኔ ባለች ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ጎረቤቴ ስትመጣ ከተቀመጥኩበት "ኖር" አልኳት። እሷ በእግዜር ብላ ተቀመጠች። በቃ፣ ይኸው ነው። ቤቱ አልፈረሰም።

ከአሥር ደቂቃ ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ በቀን። ዛሬ አሥራ አምስት ላይ ነኝ። ማክሰኞ ለት እንደገና ያ ምንም የማያምበት ጠዋት መጣብኝ። እጄ ሁሉ በላኝ፣ መጋረጃውን አውርጄ ልጠበው ምናምን። ደብተሩን አየሁ። አሥራ አምስት ደቂቃዬን ሄጄ ተቀመጥኩ። ዓይኔ መጋረጃው ላይ እንደተተከለ ዋለ። ረቡዕ ጠዋት ስነሳ እግሬ ቀላል ነበር።

ሁሌ እንዲህ ነኝ እንዳትሉኝ። ትናንት ሱቅ ሄጄ 40 ደቂቃ ልቆይ ብዬ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። በመኪና ነው የወጣሁት፣ በፌስታል። ማታ ትንሽ ተጠዘጠዝኩ፣ ዛሬ ጠዋት ግን ለቀቀኝ። ፊዚዮው "ልክሽ ያ ነው" የሚለው ይህንን ይመስለኛል።

የንስሐ አባቴ "ራስሽን ዝቅ አድርጊ፣ ይበቃል" አሉኝ። ስቅለት ለት ሙሉ ቀን አልቆምም፤ ልጄ ከሰዓት ይወስደኛል፣ ወንበር ይይዝልኛል።

የእማዬ ልጅ፣ እናትሽ እንዴት ናቸው?

የእማዬ ልጅ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡25

በሦስተኛው ቀን መጣች! ዎከሯን ይዛ፣ እኔ ከኋላ። ሳሎን ደርሳ መጀመሪያ ያለችው "ቡናው ቀጥኗል" ነው። አሁን አቦልም ቶናም እዚያው ትጠጣለች፣ በረካ ላይ ግን ይደክማታል፣ እንመልሳታለን። ጋሽ መምህርን አመስግኑልኝ ብላለች፤ ከዚያ ደግሞ "ተንኮለኛ ሰው ነው" አለች።

ጋሽ መምህር — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

ተቀብያለሁ፣ ሁለቱንም።

የሽሮ ሜዳዋ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡05

እሰይ! እልል ብያለሁ፣ ተቀምጬ።

አንድ ነገር ረስቼ። ያቺን ዱካ ከሱቅ አስወጥቻታለሁ፣ ከፍ ያለ ወንበር ተተክቷል። የጅማ ዱካ ናት፣ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለች፣ ቆንጆ። ዳሌው ደህና የሆነ ሰው ካለ ይምጣና ይውሰዳት። ሽሮ ሜዳ ነኝ፣ ቀን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ እገኛለሁ።